ቤትን ከትንኝ የመጠበቅ ታሪክና የመሐንዲሱ ድርሻ

ሰው ቤት የሚሠራው ከብርድና ከሐሩር፣ ከዝናብና ከአውሬ ለመጠለል መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሞቃት አገሮች ከአውሬ ሁሉ ይበልጥ የሰው ሕይወት ያጠፋችው ጠላት ግድግዳና ጣራ ሳያግዳት ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቤት ስታድር የኖረች ደቃቅ ፍጥረት ናት። የወባ ትንኝ ደም የምትመጠው ባብዛኛው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው፤ የምትራባውም ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ቤት ሳትርቅ፣ ሰው ራሱ በቆፈረው ጉድጓድና በግቢው ባቆረው ውሃ ነው። ስለዚህ በሰውና በትንኝ መካከል የተደረገው የረጅም ዘመን ትግል የመድኃኒት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመስኮት፣ የጣራ ክፈፍ፣ የቦይና የውሃ በርሜል ታሪክም ነው።

በዚህ ታሪክ የሐኪሞች ድርሻ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። የአናጢው፣ የግንበኛውና የመሐንዲሱ ድርሻ ግን እምብዛም አልተነገረለትም። ይህ ድርሻ ደግሞ ሁለት መልክ ያለው ነው። መሐንዲስ ለትንኝ በሩን ዘግቶ ሕዝብ ከሞት ያተረፈበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ፣ በገዛ ሥራው የትንኝ መራቢያ ፈጥሮ በሽታ ወደ ደጃፍ ያመጣበት ጊዜም አለ። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ጽሑፍ ሁለቱንም ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ከተባለው በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከፍታና ጭስ

የትንኝና የወባ ዝምድና ሳይታወቅ በፊት ሰዎች በልምድ ያገኙት ትልቁ መከላከያ የመኖሪያ ቦታ ምርጫ ነበር። በኢትዮጵያ ደገኛው ሕዝብ ቆላውን በንዳድ ያውቀዋል። መሬቱ ለም፣ ሣሩ ለከብት የተመቸ መሆኑን እያወቀም መንደሩን ከኮረብታና ከአምባ ላይ ሠርቶ፣ ወደ ቆላው የሚወርደው ለእርሻና ለግጦሽ ብቻ ሆኖ ከመምሸቱ በፊት ወደ ደጋው መመለስን ይመርጥ ነበር። በተለይም ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ከሚታቆርበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በቆላ ማደር የሚፈራበት ወራት ነበር። ምክንያቱን ባያውቅም ያደረገው ነገር ዛሬ በሳይንስ ሲመረመር ትክክለኛ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ቅዝቃዜ በበረታበት ከፍታ የበሽታው ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ዕድገቱን ለመጨረስ አይችልም፤ ትንኟም የምትናደፈው በሌሊት ነው።

ከቦታ ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣው ጭስ ነው። ወይራ፣ ጥንጁትና ሌሎችም እንጨቶች በየቤቱ የሚታጠኑት ለሽታቸው ብቻ ሳይሆን ትንኝና ሌሎች ነፍሳትን ስለሚያባርሩም ነው። በኋለኛው ዘመን የአገራችን ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዕፅዋት አንዳንዶቹን በቤተ ሙከራ ፈትነው ጭሳቸው ትንኝን የማራቅ ኃይል እንዳለው አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ ጭስ የሚሠራው እሳቱ እስካለ ድረስ ነው። ባለቤቱ ተኝቶ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቤቱ እንደገና ክፍት ይሆናል። በዚያ ላይ የጭቃው ግድግዳ ምንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ መስኮትም ባይኖር፣ ግድግዳውና ጣራው በሚገናኙበት ቦታ ለነፋስና ለጭስ መውጫ የሚቀረው ክፍተት ለትንኝ ዋነኛ መግቢያ ሆኖ ኖሯል።

በኤውሮፓም ሁኔታው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ማላሪያ የሚለው የኢጣሊያ ቃል ትርጉሙ መጥፎ አየር ማለት ነው። በሽታው ከረግረግ ከሚነሣ ብልሹ አየር የሚመጣ ስለ መሰላቸው የሮማ አካባቢ ነዋሪዎች በበጋ ሌሊት መስኮታቸውን ይዘጉ፣ የቻሉትም ወደ ተራራ ይሸሹ ነበር። ረግረጉን በቦይ ማድረቅም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ስለ መንሥኤው የነበራቸው አስተሳሰብ የተሳሳተ ሆኖ ሳለ መከላከያው በከፊል የሠራላቸው፣ ከብልሹው አየር የተሸሸጉ መስሏቸው ከትንኟ ስለ ተሸሸጉ ነው።

፪. የሽቦ ወንፊት ምስክርነት

በ1880 ፈረንሳዊው ላቬራን በአልጀሪያ የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ አየ። በ1897 እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ጨጓራ ላይ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ግራሲና ጓደኞቹ በኢጣሊያ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌሊስ የተባለችው የትንኝ ወገን መሆኗን አረጋገጡ። ሆኖም ይህ ሁሉ የተደረገው በአጉሊ መነጽር ሥር ስለሆነ ብዙ ሰዎች አላመኑም። ሕዝብንም መንግሥታትንም ያሳመነው ማስረጃ የመጣው ከአናጢ እጅ ነው፤ ማስረጃው ቤት ነበረ።

በ1900 ግራሲ በደቡብ ኢጣሊያ ወባ በጸናበት በካፓቾ ሜዳ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሚኖሩባቸው ቤቶች በርና መስኮታቸው በሽቦ ወንፊት እንዲሸፈን አደረገ። ነዋሪዎቹ ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ከትንኝ እንዲጠበቁ ተደረገ። በዚህ ሁኔታ ከተጠበቁት 112 ሰዎች መካከል በወባ የታመሙት 5 ብቻ ሲሆኑ፣ በዚያው አካባቢ ካልተጠበቁት 415 ሰዎች ግን ከበሽታው ያመለጠ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ፓትሪክ ማንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም አንዲት የእንጨት ጎጆ በአገሩ አሠርቶ በመርከብ ወደ ኢጣሊያ ላከ። ጎጆዋ በሮማ አቅራቢያ በኦስትያ ረግረግ ተተከለች። በርና መስኮቷ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ነበር። ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከጓደኞቻቸው ጋር ወባ የሚበረታበትን ወራት በዚያች ጎጆ አሳለፉ። ቀን ቀን በረግረጉ ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ ዝናብም ይመታቸዋል፤ መጥፎ የተባለውንም አየር ሌት ተቀን ይተነፍሳሉ። የሚጠነቀቁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጎጆዋ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ኪኒን ሳይወስዱ ሁሉም በጤና ሰነበቱ። ዙሪያቸውን የነበሩት ገበሬዎች ግን በንዳድ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ስለ ወባ ሳይሆን ስለ ቢጫ ወባ ነው። በ1900 መጨረሻ በኩባ ደሴት ዋልተር ሪድ የሚመራው የአሜሪካ የጦር ሐኪሞች ቡድን ሁለት ትናንሽ ቤቶች አሠራ። በመጀመሪያው ቤት በቢጫ ወባ የሞቱና የታመሙ ሰዎች ያደፉት ልብስና አልጋ ልብስ ተከማችቶ፣ በጎ ፈቃደኞች 20 ሌሊት በዚያ ውስጥ ተኙ። አንድም ሰው አልታመመም። ሁለተኛው ቤት ግን ንጹሕና አየር በደንብ የሚገባበት ሲሆን መካከሉ በሽቦ ወንፊት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንደኛው ወገን በሽታውን የያዙ ትንኞች ተለቀቁ፤ በሌላው ወገን አልተለቀቁም። ከትንኞቹ ጋር የዋለው ሰው ታመመ። ከወንፊቱ ማዶ ያን አየር የተነፈሱት ሰዎች አንዳች አልነካቸውም። በአንድ ጣራ ሥር ሕመምንና ጤንነትን የለያቸው ያ ስስ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነበር።

፫. ግቢ ለግቢ፤ ሀቫናና ፓናማ

የሪድ ቡድን ሥራ እንደ ተፈጸመ በሀቫና ከተማ የጤና ሹም የነበረው ዊልያም ጎርጋስ ዕውቀቱን ወደ ሥራ ለወጠው። የቢጫ ወባ ትንኝ የረግረግ ፍጥረት አይደለችም፤ የምትፈለፈለው በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ ጎርጋስ ከተማዋን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ተቆጣጣሪዎች መደበ። እነርሱም ግቢ ለግቢ እየዞሩ ማሰሮውን፣ በርሜሉንና የጣራ አሸንዳውን ሁሉ ይመረምሩ ነበር። መጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ እንዲከደን፣ የማያስፈልገው እንዲደፋ፣ ሊከደን የማይችለው ዘይት እንዲፈስበት ተደረገ። በቸልተኛው ባለቤት ላይ መቀጫ ተጣለ። በ1900 በቢጫ ወባ 310 ሰዎች የሞቱባት ሀቫና በ1901 የሞቱባት 18 ብቻ ሆኑ፤ በ1902 ደግሞ አንድም አልሞተባትም።

ቀጥሎ የመጣው የፓናማ ቦይ ነበር። ፈረንሳዮች በ1881 የጀመሩትን ቁፋሮ በ1889 ሲያቋርጡ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች እንደ ሞቱባቸው ይገመታል።  በአንኮን የሠሩት ሆስፒታል በጊዜው ከሞቃት አገሮች ሆስፒታሎች መካከል ከሚደነቁት አንዱ ነበር። ነገር ግን ጉንዳን ወደ በሽተኛው እንዳይወጣና የግቢውን አትክልት እንዳያጠፋ ተብሎ የአልጋ እግሮች ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ይቆሙ፣ አትክልቱም በውሃ ይከበብ ነበር። መስኮቶቹ ወንፊት አልነበራቸውም። በዚህ ምክንያት ሰው ሊድን የገባበት ሆስፒታል የትንኝ ማራቢያና የበሽታ መለዋወጫ ሆነ። መልካም አሳብና ጥሩ ግንባታ ትንኟን ካላወቁ ምን ያህል እንደሚያስቱ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

አሜሪካኖች ሥራውን በ1904 ሲረከቡ ጎርጋስ የጤናውን ክፍል ያዘ። ትንኝን የማጥፋቱን ሥራ በሜዳ ይመራ የነበረው ለፕሪንስ በትምህርቱ መሐንዲስ ነበር። የሠራተኞች መኖሪያ በወንፊት ተሸፈነ። እርጥበቱ የብረት ሽቦን ቶሎ ስለሚያዝገው ወንፊቱ ከመዳብ ድብልቅ የተሠራ ነበር። በመኖሪያ ሰፈሮች ዙሪያ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ረግረጉ በቦይ ደረቀ፣ ሊደርቅ ያልቻለው ዘይት ተረጨበት፣ ለሠራተኞችም ኪኒን ታደለ። ለቢጫ ወባ መጥፋት ግን ከሁሉ የላቀውን ያደረገው የውሃ ቧንቧ ነው ለማለት ይቻላል። በፓናማና በኮሎን ከተሞች ቧንቧ ገብቶ መንገዶቹ ሲነጠፉና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ ነዋሪው ዝናብ የሚያጠራቅምበት በርሜል አላስፈለገውም፤ በርሜሉ ሲወገድም ትንኟ ቤት አጣች። በፓናማ ከተማ ቢጫ ወባ በ1905 መጨረሻ ጠፋ። ወባን ማጥፋት ባይቻልም መቀነስ ተቻለ። በ1906 ከነበሩት 26,000 ሠራተኞች መካከል ከ21,000 በላይ በወባ ሆስፒታል ገብተው ነበር። በ1912 ግን ሠራተኛው ከ50,000 በልጦ ሳለ ሆስፒታል የገባው 5,600 ያህል ብቻ ነበር። ቦዩ በነሐሴ ወር 1914 ለመርከብ ተከፈተ።

፬. ቦይ መቆፈር ሲጐዳ

ሆኖም ቦይ ሁሉ ይጠቅማል፣ ጫካ መመንጠር ሁሉ ይበጃል ብሎ መደምደም አይገባም። ይህን ያስተማረችው ማላያ ናት። ማልኮልም ዋትሰን የተባለው ሐኪም በ1901 በክላንግ ከተማ ሲሾም ወባ ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። ረግረጉ በቦይ ሲደርቅና ዙሪያው ሲመነጠር በሽታው በፍጥነት ቀነሰ። ይሁንና ያው ዘዴ ወደ ኮረብታማው የጎማ እርሻ ሲወሰድ ወባው በመቀነስ ፈንታ ባሰ። ነገሩ ሲመረመር በኮረብታው የምትገኘው ትንኝ ከቆላዋ ልዩ ሆና ተገኘች። እርሷ የምትወድደው ጥላ ያለውን ረግረግ ሳይሆን ፀሐይ የሚያርፍበትን ጥሩ ምንጭ ውሃ ነው። ጫካው ተመንጥሮ በሸለቆው ውስጥ ክፍት ቦይ ሲቀደድ ለእርሷ የተዘጋጀ ማሳ ሆነላት። መፍትሔው የተገኘው ውሃው ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ እንዲሄድ በማድረግና ዘይት በመርጨት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመሐንዲስ ትልቅ ነው። ትንኝ የሚባል አንድ ጠላት የለም፤ በየቦታው ጠባያቸው የተለያየ ትንኞች አሉ። አንዷን የሚያጠፋው ሥራ ሌላዋን ሊያበዛ ስለሚችል፣ ከንድፍ በፊት የአካባቢውን ትንኝ የሚያውቅ ባለሙያ መጠየቅ መሬቱን እንደ መለካት ያህል አስፈላጊ ነው።

፭. የግድግዳው መድኃኒት

በ1939 ስዊሳዊው ፓውል ሙለር ዲ.ዲ.ቲ. ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው ሲያገኝ የትግሉ መልክ ተለወጠ። ከእንግዲህ ቦይ መቆፈርና ወንፊት መግጠም የሚያስፈልግ መስሎ አልታየም። ደም የመጠጠች ትንኝ ለማረፍ በግድግዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ግድግዳው በዲ.ዲ.ቲ. ከተረጨ ለወራት ያህል ያረፈችበትን ትንኝ ሁሉ ይገድላል። ጠላትን ለማስቀረት የተሠራው ግድግዳ አሁን ወጥመድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1955 ወባን ከዓለም የማጥፋት ዘመቻ አወጀ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ዘመቻ የገባችው በመራራ ሁኔታ ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባሉት ወራት ከልማዱ የተለየ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ ወባ ከቆላው ተነሥቶ ወደ ወይና ደጋው ወጣ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የሚኖረውና በሽታውን ያልለመደው ሕዝብ በየቤቱ ወደቀ። የታመመው ሰው ብዛት 3 ሚሊዮን፣ የሞተው 150,000 ያህል እንደሆነ ተገምቷል። ሰብሉ በደረሰበት ወራት አጫጅ የጠፋበት አገር ሆነ። አያት ቅድመ አያት መከታ አድርገው የመረጡት ከፍታ በዚያ ዓመት መከታ ሊሆን አልቻለም።

ይህ እልቂት ካለፈ በኋላ በ1959 ወባን የማጥፋት ሥራ የሚያካሂድ ራሱን የቻለ ድርጅት ተቋቋመ። መድኃኒት ረጪዎች በእግርና በበቅሎ ወደየመንደሩ ገብተው ቤት ለቤት ግድግዳና ጣራ ረጩ። በሽታው በብዙ አካባቢዎች ቀነሰ፤ ሰውም ከዚህ በፊት ይሸሸው ወደ ነበረው ለም ቆላ ወርዶ መስፈርና ማረስ ጀመረ።

ይሁን እንጂ ግድግዳው የራሱ ጠባይ አለው። የጭቃ ግድግዳ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ እየመጠጠ ከላዩ ያጠፋዋል። ከዚህም በላይ ባለቤቲቱ ቤቷን ለማሳመር፣ በተለይም ለበዓል ብላ፣ ግድግዳውን እንደገና በጭቃ ስትመርገውና በአዛባ ስትለቀልቀው መድኃኒቱ ከምርጊቱ ሥር ይቀበራል። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ቤትን ማደስ የደግ ባለቤት ሙያ ነው፤ ዘመቻው ግን የጭቃ ቤት በየጊዜው የሚታደስ ሕያው ነገር መሆኑን በበቂ አላሰበበትም። በመጨረሻም ትንኞቹ ራሳቸው መድኃኒቱን ተላመዱት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ወባን በአጭር ጊዜ ከዓለም የማጥፋቱን ዓላማ አሻሽሎ ወደ መቆጣጠር አዘነበለ። በኢትዮጵያም ዲ.ዲ.ቲ. ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ የትንኟ መላመድ ስለ ጸና በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በስፋት መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ነገር ግን በአጎበሩ መድኃኒት ላይም ይኸው የመላመድ አደጋ ደርሷል። ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

፮. ውሃ ያቆረው እጅ

አሁን ወደ ሁለተኛው የመሐንዲሱ መልክ እንመለስ። ግድብ መብራት ይሰጣል፣ መስኖ ጥጋብ ያመጣል፣ መንገድ ገበያ ያቀርባል። ዳሩ ግን እነዚህ ሥራዎች ውሃ የማይቆምበት ቦታ ውሃ ሊያቆሙ ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ትልቅ ምዕራፍ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን በሐይቁ ዳርቻ የሚገኙ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ውሃው ሲሸሽ በዳርቻው የሚተዋቸው ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ለትንኟ ምቹ ናቸው። በትግራይ በተሠሩ አነስተኛ ግድቦች አካባቢ የተካሄደና በ1999 የታተመ ጥናትም በግድብ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው ወባ ርቀው ከሚኖሩት ሕፃናት በሰባት እጥፍ ያህል የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል።

ይህ ማለት ግድብ አይሠራ ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ይህንኑ ችግር ሲገጥመው፣ የግድቡን ውሃ በየሳምንቱ ጥቂት ከፍና ዝቅ በማድረግ የትንኝ እጮች በዳርቻው ደርቀው እንዲቀሩ አደረገ። የዳርቻውን ቁጥቋጦ አጸዳ፤ በአቅራቢያው የነበሩ ቤቶችም በወንፊት እንዲሸፈኑ አደረገ። የበር መክፈቻና መዝጊያ የሚያዝ መሐንዲስ ለመብራትና ለመስኖ ከሚያወጣው መርሐ ግብር ጋር ትንኝንም አብሮ ሊያስብ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ከግድቡ ያነሰው ጉዳትም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም። ለመንገድ ሙሌት አፈር የተወሰደበት ጉድጓድ፣ ለጭቃ ቤትና ለሸክላ ጡብ የተቆፈረው ቦታ፣ መውጫው ከፍ ብሎ የተሠራ የመንገድ ቱቦ፣ የከባድ መኪና ጎማ ያበጀው ሸርተቴ፣ ሁሉም ዝናብ ሲያገኝ መራቢያ ይሆናል። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትመርጠው እንደዚህ ያለውን ፀሐይ የሚመታውን ትንሽና ጊዜያዊ ውሃ ነው። በዝዋይ አካባቢ የተደረገ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ገለጸ። በኩሬው ላይ የሚረግፈው የበቆሎ አበባ ብናኝ ለእጮቹ ምግብ ስለሚሆን ፈጥነውና ወፍረው ያድጋሉ። በጓሮ የተዘራ በቆሎና ከቤቱ አጠገብ ሳይደፈን የቀረ የአፈር ጉድጓድ ሲገናኙ ለትንኟ ማዕድና አልጋ ተዘጋጀላት ማለት ነው።

፯. በርሜሉ ተመለሰ

ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ወባ የገጠር በሽታ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሐር የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ናት። አገሯ ደቡብ እስያ ሲሆን ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ መኖር በመልመዷ ነው። የምትራባው በበርሜል፣ በጣራ ላይ ታንከር፣ በመሬት ውስጥ የውሃ ገንዳና በግንባታ ቦታ ለሲሚንቶ ማቡኪያ በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በደረቅ ወራት ወባ በተነሣ ጊዜ ተመራማሪዎች ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አግኝተዋል። ዝናብ በሌለበት ወባ መነሣቱ ውሃውን ያቆረው ሰማዩ ሳይሆን ሰው መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ የሀቫናና የፓናማ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ቧንቧው በየቀኑ ውሃ በማይሰጥበት ከተማ ነዋሪው በርሜል መሙላቱ የግድ ነው፤ አስተዋይነትም ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ የውሃ አገልግሎት መቆራረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። የውሃ መሐንዲስ ቧንቧውን በማያቋርጥ ሁኔታ ሲያስኬድ ከመድኃኒት ረጪው የማያንስ ሥራ ይሠራል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን ክዳኑ ያልገጠመ ታንከርና ሳይሸፈን የተተወ የግንባታ ገንዳ ለሰፈሩ ሁሉ አደጋ ነው።

፰. ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። ትንኝ በአንድ መሣሪያ ተሸንፋ አታውቅም። መድኃኒቱ ሲወጣ መድኃኒቱን፣ አጎበሩ ሲታደል አጎበሩን ብቻ መታመን የተለመደ ሆኗል፤ ትንኟ ግን ጊዜ ካገኘች ትላመደዋለች። እስከ ዛሬ ልትላመደው ያልቻለችው የተዘጋ ቀዳዳንና የደረቀ ጉድጓድን ነው። እነዚህ ደግሞ የመድኃኒትና የአጎበር ተተኪዎች ሳይሆኑ አጋዦቻቸው ናቸው፤ ሥራቸውም የግንባታ ሙያ ሥራ ነው።

ስለ ቤቱ ሲነገር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግድግዳና ጣራ የሚገናኙበት ክፍተት መዘጋት ወይም በወንፊት መሸፈን አለበት። አየር እንዳይታፈን መስኮቱን አስፍቶ፣ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊሜትር ባልበለጠ ወንፊት መሸፈን ይቻላል። በር ራሱ የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል። በጋምቢያ በተደረገና በ2009 በታተመ ጥናት በሩ፣ መስኮቱና ክፈፉ በሙሉ በወንፊት በተሸፈነበት ቤት የገባችው ትንኝ በ59 በመቶ፣ ኮርኒሱ ብቻ በወንፊት በተሠራበት ቤት ደግሞ በ47 በመቶ ቀንሳለች። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጫኖ የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናትም በርና መስኮትን በወንፊት መሸፈን የትንኟን ብዛት በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሲያድር የከብቱም ትንፋሽ ትንኝን ወደ ቤቱ ስለሚስብ በረቱ ከመኝታው ተለይቶ ቢሠራ ይበጃል።

ስለ ግቢው ደግሞ መለኪያው ሳምንት ነው። በሞቃት አየር እንቁላሉ ተፈልፍሎ የምትበር ትንኝ እስኪሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚደፋና የሚፈገፈግ ዕቃ፣ በየሳምንቱ የሚታይ አሸንዳ፣ በሚገባ የሚገጥም ክዳን ያለው ታንከር፣ በወንፊት የተሸፈነ ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦ፣ ሳይታቆር የሚፈስ የግቢ ውሃ ትንኝ ያለ ቤት ያስቀራታል። ለቤቱ ጭቃ የተቆፈረው ጉድጓድ ምርጊቱ እንዳለቀ ይደፈን። ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

በትልልቅ ሥራዎች ላይ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በመሐንዲሱ ላይ ነው። የአፈር መውሰጃውን ጉድጓድ መድፈን ወይም ውሃው እንዲወጣ ማድረግ፣ የግንባታውን ውሃ ገንዳ መክደንና በርክክብ ጊዜ ማፍረስ፣ የቱቦውን መውጫ በትክክለኛ ከፍታ ማስቀመጥ በሥራ ዝርዝሩና በዋጋው ሠንጠረዥ ውስጥ በግልጽ ሊጻፉ ይገባል። ያልተጻፈና ያልተከፈለበት ሥራ ሥራ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ከጉድጓዱ ጋር ይቀራል፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው በአጠገቡ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። የፓናማ መሐንዲሶች መሬቱን ከመቁረጣቸው በፊት በርሜሉን መቁጠር ነበረባቸው። በ1951 ዓ.ም. መኸር ሰብሉ ያለ አጫጅ የቀረባት አገር የምታፈራቸው መሐንዲሶችም ንድፍ ሲነድፉ በወረቀቱ ላይ ውሃ የሚቆምባትን እያንዳንዷን ቦታ ፈልገው ሊያዩ ይገባል።